የኋላ ጎማ ሲግልና ሲጮህ፦ ፍሬኑ ነው ወይስ ኩሽኔታው?

ከደሴ ተነስቶ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ የገባ መኪና አጠገብ የቆመ ሰው ከጎማዎቹ የሚወጣው ወላፈን ይሰማዋል። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታም አይጠፋም። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ብልሽት አይደለም። ቁልቁለቱ ነው። ችግር የሚሆነው አንዱ የኋላ ጎማ ከሌሎቹ ተለይቶ ሲግል ነው። ወይም ፍሬን እምብዛም ባልተነካበት መንገድ ሲግል። ወይም ደግሞ ግለቱ ከማያቋርጥ ጩኸት ጋር ሲመጣ።

እንዲህ ያለ መኪና ጋራዥ ሲገባ የመጀመሪያው ፍርድ ብዙ ጊዜ "ኩሽኔታ ነው" የሚል ነው። ኩሽኔታው ይቀየራል። ጩኸቱ ይጠፋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ጎማ እንደገና ይጮሃል። ባለመኪናው የዕቃ ሻጩን ይረግማል፣ ሻጩ ጥፋቱን መካኒኩ ላይ ይጥላል። ግለቱ ከየት እንደመጣ ግን ማንም አልጠየቀም። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ጥያቄ ነው።

ከቸርኬው ጀርባ ምን አለ?

በደሴና በኮምቦልቻ መንገድ ላይ ከሚታዩት ትናንሽ የቤት መኪኖች፣ ሚኒባሶችና ፒክአፖች ብዙዎቹ ከኋላ የተገጠመላቸው ታምቡር ነው። ታምቡር ማለት ከጎማው ጋር አብሮ የሚሽከረከር ክብ የብረት ክዳን ነው። ውስጡ ሁለት የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ብረቶች አሉ፤ ላያቸው ላይ ሸራ ተለጥፏል። ፔዳሉን ሲረግጡ የፍሬን ዘይት በቀጭን ቱቦ ተገፍቶ ይመጣል። ዘይቱ ታምቡሩ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ፖምፓ ፒስተኖች ወደ ውጭ ይገፋል። ፒስተኖቹ ደግሞ ሸራዎቹን ከታምቡሩ ግድግዳ ጋር ያፋትጓቸዋል። እግርዎን ሲያነሱ ሞላዎች ሸራዎቹን ወደ ቦታቸው ይስባሉ።

የእጅ ፍሬኑም የሚገፋው እነዚሁኑ ሸራዎች ነው። ልዩነቱ በዘይት ሳይሆን በሽቦ ገመድ መሥራቱ ነው። ይህን ያስታውሱት፤ የኋላ ጎማ ከፊት ጎማ የሚለይበት ትልቁ ነገር ይህ ገመድ ነው።

አንዳንድ መኪኖች ከኋላም ዲስክ አላቸው። እዚያ ላይ ካሊፐር የሚባለው አቃፊ የሚሽከረከረውን ዲስክ ከሁለት ወገን በሸራ ይቆነጥጠዋል። የእጅ ፍሬኑ ወይ ይህንኑ ካሊፐር ይይዛል፣ ወይ በዲስኩ መሃል የተደበቀ ትንሽ ታምቡር አለው።

ኩሽኔታው ከሁሉም መሃል ነው። በሁለት የብረት ቀለበቶች መካከል ያሉ፣ በግራሶ የተለወሱ ኳሶች ወይም ሮለሮች ናቸው። ሥራው የመኪናውን ክብደት ተሸክሞ ጎማው በቀላሉ እንዲዞር ማድረግ ነው።

እንግዲህ በዚያች ጠባብ ቦታ ጠባያቸው የማይገናኝ ሁለት ጎረቤታሞች አሉ። ፍሬን ሥራው ሙቀት መፍጠር ነው፤ በረጅም ቁልቁለት ላይ ታምቡር ከ200 ዲግሪ ቢያልፍ ብርቅ አይደለም። ኩሽኔታ ግን ሙቀት አይወድም። የተለመዱት የኩሽኔታ ግራሶዎች ያለማቋረጥ መሥራት የሚችሉት እስከ 120 ወይም 130 ዲግሪ ገደማ ነው። ፍሬን ግሎ ከበረደ፣ እንደገና ግሎ ከበረደ ችግር የለም። ሳይበርድ ሲቀር ነው ጎረቤቱን የሚያቃጥለው።

ሐረጎን ስወርድ ስንት ሙቀት ይፈጠራል?

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ። በመንገድ የሚለያያቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ መኪናው በዚህች አጭር መንገድ 600 ሜትር ያህል ወደ ታች ይወርዳል።

ከነተሳፋሪዎቹ 1,200 ኪሎ የሚመዝን ትንሽ መኪና እንውሰድ። 600 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት ቢቀየር፣ አንድ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። እውነት ነው፣ ሁሉም ፍሬን ላይ አያርፍም። ከፊሉን የጎማው መንከባለልና ነፋሱ ይበሉታል። በከባድ ማርሽ ከወረዱ ደግሞ ሞተሩ ደህና አድርጎ ይካፈላል። በፎሌ (ማርሽ ሳያስገቡ) ከወረዱ ግን የሞተሩ ድርሻ ሁሉ ወደ ፍሬኑ ይሄዳል።

"በፎሌ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል" የሚለው ነገር መቼም አልሞት ብሏል። ነዳጅ በኮምፒውተር በሚረጩ መኪኖች ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ማርሽ ውስጥ ሆነው እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሱ ኮምፒውተሩ ነዳጅ መርጨቱን ያቆማል። ፎሌ ላይ ከሆኑ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማጠጣቱን ይቀጥላል።

ከዚህ ስሌት አንድ ጠቃሚ ነገር እናገኛለን። ቁልቁለት ወርዶ የገባ መኪና ጎማ መጋሉ ስለ ብልሽት ምንም አይነግርዎትም። የፊት ጎማዎቹ ከኋላዎቹ በላይ ቢግሉም አይደንግጡ። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ስለሚሄድ የፊት ፍሬኖች የሚሠሩት ሥራ ይበልጣል። ኮምቦልቻ ሲደርሱ ከኋላ አንዱ ጎማ ከፊቶቹ በልጦ ከጋለ ግን ይጠርጥሩ።

ታዲያ የት ልፈትነው?

ሽቅብ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጡ እግርዎ ፍሬን አይነካም ማለት ይቻላል። ዳገቱ ራሱ ይይዝዎታል። ደሴ መግቢያ ላይ ረጋ ብለው ዳር ይዘው ሲቆሙ የኋላ ጎማዎቹ ለብ ቢሉ ነው። አንዱ እጅ የማያስጠጋ ከሆነ ያ ሙቀት ከቁልቁለት የመጣ አይደለም። ወይ ፍሬኑ ይዟል፣ ወይ ኩሽኔታው ታሟል። እኔ ከሁሉም ፈተና ይህን አስቀድማለሁ። መሣሪያ አይጠይቅም፣ ያለነውም ዳገት ሥር ነው።

ዳገት መውጣት ካልፈለጉ ሜዳ የሆነ መንገድም ይሆናል። ፍሬን እየቆጠቡ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ይንዱና ቀስ ብለው ይቁሙ።

ሲቆሙ መዳፍዎን ብረቱ ላይ አይለጥፉ። የእጅዎን ጀርባ ያስጠጉ እንጂ አይንኩ። ግራና ቀኙን ያወዳድሩ። ዋናው ነገር ንጽጽሩ ነው፤ "ምን ያህል ጋለ" ከሚለው ይልቅ "ከጓደኛው ምን ያህል ተለየ" የሚለው ይበልጥ ይናገራል። የሙቀት መለኪያ ጠመንጃ ያለው ጋራዥ ካለ ሥራው ይቀላል። በኮሮና ጊዜ ግንባራችን ላይ ይደቀን የነበረው ግን አይሆንም። እሱ ለሰው ገላ የተሠራ ነው፤ ከ43 ዲግሪ አካባቢ ወዲያ አያነብም።

ግለቱ የት ላይ እንደበረታም ያስተውሉ። በታምቡሩ ወይም በዲስኩ ዙሪያ ከበረታ ወደ ፍሬን ያደላል። መሃል ላይ፣ የኩሽኔታው ክዳን አካባቢ ከበረታ ወደ ኩሽኔታ። ብረት ሙቀት ስለሚያስተላልፍ ቆይተው ካዩት ልዩነቱ ይጠፋል። እንደቆሙ ወዲያው ነው ማየት ያለብዎት። ላስቲኩ ራሱ ከጋለና ብረቱ ለብ ብቻ ካለ ደግሞ ነፋሱን ያስለኩ። ነፋስ ያነሰው ጎማ ሲሄድ እየታጠፈና እየተዘረጋ ራሱን ያግላል። ጎሚስታ ቤት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የጋለ ታምቡር ወይም ዲስክ ላይ ውሃ አይድፉ። ብረቱ በድንገት ሲኮማተር ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። ቁሞ ይብረድ።

ጩኸቱስ ምን ይለኛል?

ጩኸት በጽሑፍ ማስረዳት አስቸጋሪ ነው፣ ግን እንሞክር።

"ውውው" የሚል፣ ፍጥነት ሲጨምር የሚጨምር፣ እግርዎን ከነዳጅ ሲያነሱም የማይቋረጥ ጉምጉምታ የኩሽኔታ ጠባይ ነው። በሞተሩ ዙር ሳይሆን በጎማው ዙር የሚሄድ ስለሆነ ማርሽ ቢቀይሩም አይለወጥም። ወደ ግራ ጠምዘዝ ሲሉ ክብደት ወደ ቀኝ ጎማዎች ይሄዳል። ያኔ ጩኸቱ ከጨመረ የቀኙን ይጠርጥሩ። ወደ ቀኝ ሲዞሩ ከጨመረ የግራውን። ይህን ሙከራ ሰፊና ጭር ያለ መንገድ ላይ ያድርጉት፤ ከጂቡቲ ጭነት የያዙ ተሳቢዎች በሚመላለሱበት በሐረጎ ጥምዝ ላይ አይሞከርም።

ኩሽኔታን በደንብ አድርጎ የሚመስል አንድ አታላይ አለ፤ ያልተስተካከለ የጎማ አበላል። ጥርሱ እየተፈነቀለ የተበላ ጎማ ልክ እንደ ኩሽኔታ ይጎመጉማል። መለያው ቀላል ነው። አስፋልቱ ከሻካራ ወደ ለስላሳ ሲቀየር ድምፁም ከተቀየረ ጎማው ነው። ካልጠገቡ የኋላውን ጎማ ወደ ፊት፣ የፊቱን ወደ ኋላ ያዛውሩ። ጩኸቱ ጎማውን ተከትሎ ከሄደ የኩሽኔታ ገንዘብዎ ተረፈ።

"ሲጢጥ" የሚል ቀጭን ፉጨት፣ ወይም በየዙሩ አንዴ "ጭርር… ጭርር" የሚል ፍትጊያ ፍሬን ነው። ፔዳሉን በትንሹ ሲነኩ ፉጨቱ ከተቀየረ ወይም ከጠፋ እርግጠኛ ይሁኑ። ሸራው አልቆ ብረት ብረትን ሲበላ ደግሞ ድምፁ ጥርስ ያፋጫል፤ ያን የሰማ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከዲስኩና ከኋላው ካለው ቀጭን የቆርቆሮ መከለያ መካከል የገባች ጠጠርም ዓለም ያለቀ የሚመስል ጩኸት ታሰማለች። በጠጠር መንገድ ገብተው ከወጡ በኋላ በድንገት የጀመረ ጩኸት ከሆነ መጀመሪያ እሷን ይፈልጉ።

በሚኒባስና በፒክአፕ ላይ፣ ማለትም የኋላ ጎማዎቹ በሚጎትቱት ላይ፣ ዲፈረንሻሉም (የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የጥርስ ሳጥን) ይጮሃል። እሱ ግን ነዳጅ ሲሰጡና ሲለቁ ድምፁን ይቀያይራል።

ፍሬኑ ለምን አልለቅ ይላል?

ያዘ የሚባለው ፍሬን እግር ከተነሳ በኋላም ሸራው ታምቡሩን እየፋቀ የሚቀር ነው። መኪናው ይከብዳል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ፎሌ ላይ አድርገው ሜዳ ላይ ቢለቁት ቶሎ ይቆማል። መንስኤው ግን አንድ አይደለም።

በኋላ ጎማ ላይ በመጀመሪያ የምጠረጥረው የእጅ ፍሬኑን ገመድ ነው። ገመዱ የሚሮጠው በሽፋን ውስጥ ነው። ሽፋኑ ሲቀደድ የክረምት ጭቃና ውሃ ይገባል፣ ገመዱ ይዝጋል። ሲስቡት ይሳባል፣ ሲለቁት ግን ሙሉ በሙሉ አይመለስም። በዚህ ነገር ሁለቱ ከተሞች የየራሳቸው ጣጣ አላቸው። ደሴ ተዳፋት ስለሆነች የእጅ ፍሬን በየደቂቃው ይሳባል፤ ገመዱ ሲላላ ሰው በየጊዜው ያስጠብቀዋል፣ አንዳንዴም ከልክ በላይ። ከልክ በላይ የተወጠረ ገመድ ተለቅቆም ሸራውን ይገፋል። ኮምቦልቻ ደግሞ ሜዳ ላይ ማርሽ አስገብቶ መሄድ ይበቃል። ለወራት ያልተሳበ ገመድ ባለበት ይዝግና አንድ ቀን ደሴ ወጥተው ሲስቡት እዚያው ይቀራል።

ቀጥሎ ታምቡሩ ውስጥ ያሉት ዕቃዎች አሉ። ሞላው ሊላላ ወይም ሊሰበር ይችላል፤ ሸራውን የሚስበው አይኖርም። የትንሿ ፖምፓ ፒስተኖች ሊዝጉ ይችላሉ። አዲስ ሸራ ሲገጠም ማስተካከያው ከመጠን በላይ ተከፍቶ ሊሆን ይችላል። ጎማው መጋል የጀመረው ሸራ ከተቀየረ ማግስት ከሆነ ከዚህ ይጀምሩ። በዲስክ ላይ ደግሞ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ዘንጎች ግራሶ ይደርቅባቸዋል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሌላው ጥፋተኛ ከሻንሲው ወደ ጎማው የሚሄደው የላስቲክ ቱቦ ነው። ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው። ከውስጥ ግን አብጦ ቀዳዳው ጠቧል። እግርዎ በኃይል ሲረግጥ ዘይቱ ያልፋል፤ እግርዎ ሲነሳ ግን የሚመልሰው የሞላ ጉልበት ብቻ ስለሆነ ዘይቱ እዚያው ይቀረቀራል። ፍሬን ዘይት ሲያልቅ የሞተር ዘይት ወይም ሌላ ያገኙትን የሚሞሉ ሰዎችም ይህንኑ በሽታ በገዛ እጃቸው ይፈጥራሉ። የተሳሳተ ዘይት ጎሚኒዎቹን (ዘይቱን የሚያግዱትን የላስቲክ ቀለበቶች) ያሳብጣል። ያኔ አንድ ጎማ ብቻ ሳይሆን አራቱም ይይዛሉ። በመኪናዎ የፍሬን ዘይት ክዳን ላይ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ተብሎ የተጻፈውን ያክብሩ።

ክሪክ ላይ ሲወጣ ምን ይታያል?

ይህ ክፍል ሥራውን ከሚያውቅ ሰው ጋር የሚደረግ ነው። ቅደም ተከተሉን ማወቅ ግን ባለመኪናውን ከብዙ ወጪ ያድናል።

መጀመሪያ ሜዳ ቦታ። የእጅ ፍሬኑ መለቀቅ ስላለበት የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ወይም በታኮ ይያዙ። የኋላ ጎማዎቹ በሚጎትቱት መኪና ላይ ማርሽ አስገብቻለሁ ብለው አይታመኑ። አንዱ የኋላ ጎማ ከመሬት ከተነሳ ማርሹ መኪናውን አይይዝም፤ የሚይዘው ታኮው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ፎሌ። ክሪክ ብቻውን ባለበትም ከመኪናው ሥር አይግቡ።

ሌላው ጊዜው ነው። ፍሬን የሚይዘው ሲግል፣ የሚለቀው ሲበርድ ሊሆን ይችላል። ማታ ጋራዥ ያደረ መኪና ጠዋት ሲታይ ንጹሕ ነው፤ መካኒኩ "ምንም የለውም" ቢል አልዋሸም። ስለዚህ ከሙከራው መልስ፣ እንደያዘ፣ ሳይበርድ ይነሳ።

አሁን ጎማውን በእጅ ያዙሩት። ታምቡር ላይ ስስ ፍትጊያ መስማት ጤነኛ ነው። በሁለት እጅ ታግለው የሚያዞሩት ከሆነ ይዟል። መካኒኩ የእጅ ፍሬኑን ገመድ ከጎማው በኩል ያላላው። ጎማው ከለቀቀ ገመዱ ነው፤ ሌላ ፍለጋ አያስፈልግም። ካልለቀቀ የአየር ማስወጫዋን ትንሽ ብሎን ሩብ ዙር ይፍታ። ዘይት ፊጭ ብሎ ወጥቶ ጎማው ከለቀቀ ዘይቱ ታስሮ ነበር ማለት ነው። አንድ ጎማ ብቻ ከሆነ የያዘው ወደዚያ ጎማ የሚሄደውን ቱቦ ይመልከቱ። ሁለቱም ከሆኑ ለሁለቱም የሚያገለግል አንድ ቱቦ ካለ እሱን ይመልከቱ፤ ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ፍሬን ማስተሩ (ፔዳሉ የሚገፋው ዋናው ፖምፓ) እና ወደ ፔዳሉ ይሂዱ። ብሎኗ ተፈትታም ካልለቀቀ ችግሩ ታምቡሩ ወይም ካሊፐሩ ውስጥ ያለ ብረት ነው፤ መክፈት የግድ ነው። ብሎኗ ከተፈታች በኋላ አየር ሳይወጣ መኪናው እንዳይነዳ።

ኩሽኔታውን ለመፈተን ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይወዝውዙት። ቀጭ ቀጭ የሚል ልቅነት ካለ ኩሽኔታው አልቋል፣ ወይም በድሮው ዓይነት ላይ ዳዶው ላልቷል። ከዚያ አንድ እጅዎን የመኪናው ሞላ ላይ አሳርፈው በሌላው ጎማውን ያሽከርክሩ። ጤነኛ ኩሽኔታ ሞላው ላይ ምንም አይሰማም። የተበላው አሸዋ እንደገባበት ሁሉ እጅዎን ይነዝረዋል።

ታምቡሩ ሲከፈት ደግሞ አቧራውን በኮምፕሬሰር ማስነፋት ይቅር። በሸራ ውስጥ ለሳንባ አደገኛ የሆነው አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ውስጡ ከረጠበም ያሽትቱ፦ ወፍራምና ክፉ የሚሸት ከሆነ የዲፈረንሻል ዘይት ነው፣ ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ቀለበት) ተቀዷል። ቀጭን ከሆነ የፍሬን ዘይት ነው፣ ፖምፓዋ አፍስሳለች። በዘይት የራሰ ሸራ ታጥቦ አይመለስም።

ሁለቱም አንድ ላይ ሲመጡስ?

እነሆ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚጥልበት ቦታ። ጎማው ይግላል፣ ይጮሃልም። ጩኸቱ በትክክል የኩሽኔታ ነው። ፈተናዎቹም ኩሽኔታው መበላቱን ያሳያሉ። ኩሽኔታው ይቀየራል፣ ጉዳዩ ተዘጋ።

ግን ኩሽኔታው ለምን ሞተ? ፍሬኑ በትንሹ ይዞ ከርሞ ከሆነ ሙቀቱ በየቀኑ ወደ መሃል ሲፈስ ኖሯል። ግራሶው ቀጥኖ አንዳንዱ ወጥቷል፣ የቀረው ደርቋል። ሮለሮቹ ያለ ቅባት ተፋጭተዋል። ጩኸቱ የበሽታው መጨረሻ እንጂ መጀመሪያው አይደለም። አዲሱ ኩሽኔታም ያው ምድጃ አጠገብ ነው የገባው፤ ዕጣው ያው ይሆናል።

ተቃራኒውም አለ። የላላ ኩሽኔታ ጎማውን ስለሚያወዛውዘው ታምቡሩ ሸራውን እየነካ ይሄዳል፣ ፍሬኑም ይግላል። በድሮዎቹ፣ ግራሶ በሚሞላላቸውና በዳዶ በሚጠብቁት ኩሽኔታዎች ላይ ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አለ፦ ዳዶው ከልክ በላይ ከተጠበቀ ኩሽኔታው ራሱን ያቃጥላል። "ጠበቅ አድርገው" የሚለው ልማድ እዚህ አይሠራም።

የትኛው እንደቀደመ ተፈትቶ የወጣው አሮጌ ኩሽኔታ ራሱ ይናገራል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

በዚህ ሁኔታ መንዳት እችላለሁ?

ጭስ ወይም የሚያቃጥል ሽታ ካለ አይነዳም። ዳር ይያዙ፣ ይብረድ፣ መካኒክ ወዳሉበት ይጥሩ። ጎማው ልቅነት ካሳየም አይነዳም፤ የተበላ ኩሽኔታ ተቆልፎ ጎማውን ሊያስርና ሊነቅለውም ይችላል። ጉምጉምታ ብቻ ከሆነ፣ ግለትም ልቅነትም ከሌለ፣ በዝግታ እስከ ጋራዥ ይደርሳሉ።

እኔ አጥብቄ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ደሴ ላይ ሆነው ፍሬኑ መያዙን ካወቁ ደሴ ላይ ያሠሩት። "ኮምቦልቻ የማውቀው ልጅ አለ" ብለው ሐረጎን አይውረዱ። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ይህ ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። አስቀድሞ የጋለ ጎማ ይዘው ቁልቁለት ከገቡ ዘይቱ ጎማው ጋ ይፈላል፣ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ይጨመቃል፤ ፔዳሉም ወለሉ ድረስ ይወርዳል። ፍሬን በጠሰ ከሚባሉት አደጋዎች አንዳንዶቹ ምንም የተበጠሰ ነገር የሌለባቸው ለዚህ ነው። ሲበርድ ፔዳሉ ይመለሳል፣ መርማሪም ደህና ፍሬን ያገኛል።

መካኒኩን ምን ልበለው?

"ኩሽኔታ ቀይርልኝ" አይበሉ። የሚሉትን ይሠራልዎታል፣ ሒሳቡንም ይቀበላል። ምልክቱን ይንገሩት፦ የትኛው ጎማ፣ ሽቅብ ወጥቶም ይግል እንደሆነ፣ ጩኸቱ በስንት ፍጥነት እንደሚጀምር፣ ሲታጠፉ ይለወጥ እንደሆነ፣ በቅርቡ ሸራ ተቀይሮ ወይም የእጅ ፍሬን ተጠብቆ እንደሆነ። መኪናው ወንዝ ዳር ታጥቦ፣ ውሃ ውስጥ ገብቶ ከነበረም አይደብቁ። ውሃ የኩሽኔታ ጠላት ነው።

ሸራ ከተቀየረ በሁለቱም ጎን ይቀየር፤ አለዚያ መኪናው ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። ኩሽኔታ ግን የታመመው ብቻ ቢቀየር ይበቃል። ከሥራው በኋላ ያንኑ የሽቅብ ሙከራ ይድገሙት። የጎማ ዳዶዎቹንም ከጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች በኋላ እንደገና ያስጠብቁ።

የወጣውን አሮጌ ኩሽኔታ ደግሞ ይጠይቁና በእጅዎ ይያዙት፣ ገንዘቡ የእርስዎ ነው። በጨርቅ ጠርገው ብርሃን ላይ ይዩት። ግራሶው እንደ ወተት የነጣ፣ ብረቱም ቡናማ ዝገት የያዘ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል። ብረቱ ንጹሕ ሆኖ ተቦርቡሮ ከሆነ አርጅቷል ወይም ቆሻሻ በልቶታል። ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ቡና ቀለም ተለውጦ፣ ግራሶውም ጠቁሮና ከስሎ ከሆነ ግን የገደለው ሙቀት ነው። ያኔ ፍሬኑ ሳይፈተሽ ከቀረ ሒሳብ ከመክፈልዎ በፊት ታምቡሩን መልሰው ያስከፍቱ።